ልብን መመርመር ወይስ አሠራርን? የአሜሪካ የሥራ እኩልነት ሕግ ስድሳ ዓመታት

ዱክ ፓወር የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ በሰሜን ካሮላይና፣ ድሬፐር በምትባል ቦታ፣ ዳን ሪቨር የተሰኘ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ነበረው። ጣቢያው በአምስት የሥራ ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን ጥቁሮች የሚቀጠሩት በአንዱ፣ «የጉልበት ሥራ» በሚባለው ክፍል ብቻ ነበር። በዚያ ክፍል ከፍተኛው ደመወዝ ነጮች ብቻ በሚሠሩባቸው በሌሎቹ አራት ክፍሎች ካለው ዝቅተኛ ደመወዝ ያንስ ነበር። በዘር ማዳላትን የሚከለክለው የሥራ ሕግ ተፈጻሚ የሆነው ጁላይ 2 ቀን 1965 ነው። በዚያው ዕለት ኩባንያው አዲስ መመዘኛ አወጣ። ከጉልበት ሥራ ውጭ ባሉት ክፍሎች ለመቀጠር የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት የጽሑፍ ፈተናዎችንም ማለፍ ያስፈልጋል ተባለ። በመመዘኛው ውስጥ ስለ ዘር አንድም ቃል አልነበረም። ፈተናው ለነጩም ለጥቁሩም አንድ ነበር።

ታዲያ ኩባንያው አድልቷል? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ኖሯል። አንዱ ወገን የኃላፊዎቹን ሐሳብ ይመረምራል፤ ክፉ ሐሳብ ካልተረጋገጠ አድልዎ የለም ይላል። ሌላው ወገን አሠራሩን ይመረምራል፤ መመዘኛው ማንን አስገባ፣ ማንን አስቀረ፣ ለሥራውስ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የአሜሪካ የሥራ እኩልነት ሕግ ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲወዛወዝ የኖረ ታሪክ ነው። ሕጉ የሠራተኛውን ኑሮ በእርግጥ የለወጠው አሠራርን በመረመረባቸው ዓመታት ነበር፤ አሁን ደግሞ ሚዛኑ ተመልሶ ወደ ልብ ምርመራ እያዘነበለ ነው። ይህ ዳሰሳ ያንን መንገድ ከጅምሩ እስከ ዛሬ ይከተላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሕጉ በፊት

ነገሩ የተጀመረው በ1960ዎቹ አይደለም። በ1941 አሜሪካ ለጦርነት ስትዘጋጅ የአውሮፕላንና የመርከብ ፋብሪካዎች ሠራተኛ በብዛት ይቀጥሩ ነበር፤ ጥቁሮችን ግን በሩ ላይ ይመልሱ ነበር። የባቡር መኝታ ፉርጎ አስተናጋጆች ማኅበር መሪ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ ጥቁር ሠራተኞችን አሰልፈው ዋሽንግተን እንደሚገቡ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አስጠነቀቁ። ሰልፉ ሳይደረግ ጁን 25 ቀን 1941 ትዕዛዝ ቁጥር 8802 ወጣ። ትዕዛዙ በመከላከያ ኢንዱስትሪዎችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በዘር ማዳላትን ከለከለ፤ ተቆጣጣሪ ኮሚቴም አቋቋመ። ኮሚቴው አቤቱታ ይሰማ ነበር፤ አሠሪን የማስገደድ ሥልጣን ግን አልተሰጠውም። ጦርነቱ ሲያበቃ ኮንግረስ በጀት ነፈገውና በ1946 ተዘጋ።

በ1945 ኒው ዮርክ በዘር፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር የሚያዳላ ቅጥርን የሚከለክል ሕግ በማውጣት ከክፍለ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች። ሌሎች የሰሜን ክፍለ ግዛቶች ተከተሏት። በደቡብ ግን ሕግ ራሱ አድልዎን ያዝዝ ነበር። የደቡብ ካሮላይና የ1915 ሕግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ጥቁርና ነጭ ሠራተኞች በአንድ ክፍል አብረው እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር።

ኦገስት 28 ቀን 1963 በዋሽንግተን የተደረገው ታላቅ ሰልፍ ዛሬ የሚታወሰው በማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግር ነው። የሰልፉ ስም ግን «ለሥራና ለነፃነት» ነበር። የሰልፉ መሪ እኚያው ራንዶልፍ፣ ዋና አስተባባሪው ደግሞ ባያርድ ራስቲን ነበሩ። ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል በቅጥር ማዳላትን የሚከለክል የፌዴራል ሕግና በሰዓት 2 ዶላር ዝቅተኛ ደመወዝ ይገኙበታል። ደመወዝ የሌለው መብት ግማሽ መብት እንደሆነ ሰልፈኞቹ ያውቁ ነበር። ምግብ ቤት ገብቶ መቀመጥ የተፈቀደለት ሰው የምግቡን ዋጋ መክፈል ካልቻለ ፈቃዱ ምን ይረባዋል?

ጥርስ የሌለው ኮሚሽን

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በኖቬምበር 1963 ሲገደሉ የሲቪል መብቶች ሕጉ ገና በኮንግረስ ላይ ነበር። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በብርቱ ገፉበት። በተወካዮች ምክር ቤት የሕጉ ተቃዋሚ የነበሩት የቨርጂኒያው ሃዋርድ ስሚዝ በፌብሩዋሪ 1964 ሥራን በሚመለከተው ሰባተኛው ርዕስ ውስጥ «ጾታ» የሚለው ቃል እንዲጨመር ሐሳብ አቀረቡ። ሕጉን ለማክሸፍ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ በእርግጥም ሲያቀርቡት በምክር ቤቱ ሳቅ ሆነ። የሚሺገኗ ተወካይ ማርታ ግሪፊትስ ግን ሐሳቡን በቁም ነገር ይዘው ተከራከሩለት፤ ጸደቀም። በሴኔት የደቡብ ሴናተሮች ንግግር በማስረዘም ድምፅ እንዳይሰጥ ለሳምንታት አገቱ። ጁን 10 ቀን በ71 ለ29 ድምፅ ክርክሩ እንዲዘጋ ተወሰነ። ጁላይ 2 ቀን 1964 ጆንሰን ፈረሙ።

የተከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። የሪፐብሊካኑ መሪ ኤቨረት ደርክሰን ድምፅ የተገኘው አዲሱ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አሠሪን የማዘዝም ሆነ ፍርድ ቤት የመክሰስ ሥልጣን እንዳይኖረው በመስማማት ነው። ኮሚሽኑ አቤቱታ መቀበል፣ ማጣራትና ማስታረቅ ብቻ ተፈቀደለት። ክስ መመሥረት የተበዳዩ ዕዳ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ አቤቱታ ጎረፈ፤ ከዚያ ውስጥ ሢሶ ያህሉ የሴቶች ነበር። ኮሚሽኑን ማንም ያን ያህል ይፈልገዋል ብሎ የገመተ አልነበረም።

መንግሥት በሌላ በኩል የገንዘብ አቅሙን ተጠቀመ። በ1965 የወጣው ትዕዛዝ 11246 ከፌዴራል መንግሥት ጋር ውል ያላቸው ኩባንያዎች አለማዳላት ብቻ ሳይሆን ተገልለው የቆዩትን ፈልገው እንዲያካትቱ የድጋፍ እርምጃ እንዲወስዱ አስገደደ። ይህ ትዕዛዝ የአገሪቱን ሠራተኛ አንድ አምስተኛ ያህል ይነካ ነበር። ኮንትራት የሚያጣ ኩባንያ ከሚከሰስ ኩባንያ ይልቅ ፈጥኖ ይታረማል።

የዳን ሪቨር ፍርድ

የዳን ሪቨር ጥቁር ሠራተኞች ከሰሱ። በታችኞቹ ፍርድ ቤቶች በፈተናው ጉዳይ ተሸነፉ፤ ኩባንያው ክፉ ሐሳብ እንደነበረው አልተረጋገጠም ተባሉ። ማርች 8 ቀን 1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ውሳኔውን ገለበጠው። ፍርዱን የጻፉት በኒክሰን የተሾሙት ወግ አጥባቂው ዋና ዳኛ ዋረን በርገር ናቸው።

ፍርድ ቤቱ የተመለከተው ቁጥሩን ነበር። በ1960 ቆጠራ በሰሜን ካሮላይና ከነጭ ወንዶች 34 በመቶው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲጨርሱ ከጥቁር ወንዶች የጨረሱት 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ክፍለ ግዛቱ ጥቁሮችን ለትውልዶች በተለየና በተጎሳቆለ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ነበር። በሌላ በኩል መመዘኛው ከመውጣቱ በፊት ያለ ዲፕሎማ የተቀጠሩ ነጮች ሥራቸውን በደንብ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ዲፕሎማውም ፈተናውም ለሥራው አስፈላጊ መሆናቸው አልታየም። ፍርዱ እንዲህ ያለ ነው፦ መመዘኛ በመልኩ ፍትሐዊ ቢመስልም በውጤቱ አንዱን ወገን የሚያገል ከሆነ፣ አሠሪው ለሥራው እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አለበት። ማስረዳት ካልቻለ የልቡ ቅንነት አያድነውም።

ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። የሰውን ልብ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው፤ ክፉ ሐሳቡን በወረቀት የሚያሰፍር አሠሪም ብዙ አይገኝም። ፍርዱ የማስረዳቱን ሸክም መረጃው በእጁ ወዳለው ወገን አዞረው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1972፣ ኮንግረስ ለኮሚሽኑ የመክሰስ ሥልጣን ሰጠው፤ ሕጉም 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች፣ የክፍለ ግዛትና የከተማ መሥሪያ ቤቶችንም እንዲያካትት ተደረገ። በብረት፣ በወረቀት፣ በጭነት ማጓጓዝ፣ በስልክ ድርጅቶች ላይ ትላልቅ ክሶች ተመሠረቱ። ጥቁሮችን በዝቅተኛ ክፍል የሚያስሩ የአገልግሎት ዘመን ሰንጠረዦች ተፈተሹ።

ውጤቱ ምን ነበር? የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ጄምስ ሄክማንና ብሩክ ፔይነር የደቡብ ካሮላይናን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች መዝገብ ከ1910 ጀምሮ አጥንተዋል። ለግማሽ ምዕተ ዓመት የጥቁር ሠራተኛ ድርሻ ብዙም ሳይነቃነቅ ኖሮ ከ1965 በኋላ በድንገት ያሻቅባል። ሄክማን ከጆን ዶናሂዩ ጋር በ1991 ባሳተሙት ጥናትም ከ1965 እስከ 1975 የጥቁሮች ገቢ ከነጮች አንጻር የተሻሻለው በዋነኛነት በደቡብ እንደነበረ አሳይተዋል። የፌዴራል መንግሥት ጫና የበረታውም እዚያው ነበር። እርግጥ ነው፣ የሠራተኛ እጥረትና የትምህርት መስፋፋትም አግዘዋል። ግን ትምህርት በየዓመቱ ቀስ እያለ ይጨምራል እንጂ በአንድ ሌሊት አያሻቅብም።

ሕግ ብቻውን እንዳልሠራም መዘንጋት የለበትም። በ1968 በሜምፊስ ሁለት የቆሻሻ ጫኝ ሠራተኞች በመኪናው መጭመቂያ ተጨፍልቀው ሲሞቱ 1,300 ያህል ጥቁር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉት እነዚህን ሠራተኞች ሊደግፉ በሄዱበት ነው። በዚያ ከተማ የሠራተኛ ማኅበሩን እውቅና ያስገኘው አድማው እንጂ ፍርድ ቤት አልነበረም።

ልብ የሚመረመርበት መንገድ

የዳን ሪቨሩ ዓይነት የውጤት ክስ ለሕዝብና ለቡድን ይሠራል። አንድ ሰው ብቻውን «እኔን በዘሬ ከለከሉኝ» ሲልስ? የዚህን መንገድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በፐርሲ ግሪን ጉዳይ ቀየሰ። ግሪን በሴንት ሉዊስ የአውሮፕላን ኩባንያ መካኒክና የሲቪል መብት ታጋይ ነበር፤ በ1964 በግንባታ ላይ የነበረውን የከተማዋን ታላቅ ቅስት ወጥቶ ጥቁር ባለሙያ አለመቀጠሩን ተቃውሟል። ከሥራ ከተቀነሰ በኋላ ኩባንያው መካኒክ እንደሚፈልግ ሲያስታውቅ አመለከተ፤ አልተቀበሉትም።

ፍርድ ቤቱ ሦስት ደረጃ አበጀ። መጀመሪያ ከሳሹ ብቁ ሆኖ ሳለ እንደተከለከለና ቦታው ክፍት እንደቀጠለ ያሳያል። ቀጥሎ አሠሪው ሕጋዊ ምክንያት ያቀርባል። በመጨረሻ ከሳሹ ያ ምክንያት ሽፋን መሆኑን ያስረዳል። ብልሃቱ ያለው በሦስተኛው ደረጃ ነው፤ ችግሩም እዚያው ነው። ማንኛውም የሰው ኃይል ክፍል «የቡድን ሥራ አይችልም»፣ «ቃለ መጠይቁ ደካማ ነበር» የሚል ምክንያት አያጣም። ግሪን ራሱ ይህን መርህ አስገኝቶ ጉዳዩ ወደ ታች ሲመለስ ተሸንፏል። ዛሬ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቀርበው አብዛኛው የግለሰብ የሥራ አድልዎ ክስ በዚህ መንገድ ያልፋል፤ ብዙውም በሦስተኛው ደረጃ ላይ ይወድቃል።

እንደ ቀልድ የገባው ቃል

«ጾታ» የሚለው ቃል የሕጉን መልክ ቀየረው። መጀመሪያ ላይ ኮሚሽኑ ራሱ ቸል ብሎት ነበር። አንዳንድ አየር መንገዶች አስተናጋጆችን ሲያገቡ ወይም ሠላሳዎቹን ዓመታት ሲጀምሩ ያሰናብቱ ነበር፤ ጋዜጦችም የወንድና የሴት ሥራ ብለው ማስታወቂያ ይለዩ ነበር። የጥቁሮችንና የሴቶችን ጥያቄ ያስተሳሰሩት የሕግ ባለሙያዋ ፖሊ መሪ ከሌሎች ጋር በመሆን በ1966 ብሔራዊ የሴቶች ድርጅትን መሠረቱ። በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕፃናት ልጆች ያሏቸውን እናቶች የማይቀጥር፣ አባቶችን ግን የሚቀጥር ኩባንያ አሠራር ሕገወጥ ነው አለ። በ1976 ደግሞ እርግዝናን ከሕመም ጊዜ ክፍያ መለየት የጾታ አድልዎ አይደለም ሲል ኮንግረስ በ1978 በሕግ አረመው። በ1986 በሥራ ቦታ የሚፈጸም ጾታዊ ትንኮሳ አድልዎ መሆኑ ተረጋገጠ። በ2020 ያው አንድ ቃል ግብረ ሰዶማውያንንና ጾታቸውን የቀየሩ ሠራተኞችን እንደሚያካትት ተፈረደ።

የደመወዝ ነገር ግን ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳየችው ሊሊ ሌድቤተር ናት። በአላባማ፣ ጋድስደን በሚገኘው የጉድዪር ጎማ ፋብሪካ ለ19 ዓመት ያህል ሠራች። በመጨረሻ በወር 3,727 ዶላር ሲከፈላት፣ ከወንድ አቻዎቿ ዝቅተኛው ተከፋይ 4,286 ዶላር ያገኝ ነበር። ይህን የነገራት ስሙን ያልጻፈ ሰው የተወላት ማስታወሻ ነው። በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ደመወዙ በተወሰነ በ180 ቀን ውስጥ ስላላመለከትሽ ጊዜው አልፏል አላት። ማንም ያልነገራትን ነገር በ180 ቀን ውስጥ እንዴት ታውቅ? ፕሬዚዳንት ኦባማ ጃንዋሪ 29 ቀን 2009 በስሟ የተጠራውን ማስተካከያ ፈረሙ፤ እያንዳንዱ አድሏዊ የደመወዝ ክፍያ ቀነ ገደቡን እንደ አዲስ ያስጀምራል። ለእሷ ግን አልደረሰም፤ ካሳውን ሳታገኝ በ2024 አረፈች።

መጥበብና መስፋት

በ1980ዎቹ መጨረሻ ፍርድ ቤቱ የዳን ሪቨርን መርህ አጠበበው። በ1989 በአላስካ የሳልመን አሣ ማሸጊያዎች ጉዳይ የማስረዳቱ ሸክም ተመልሶ ከሳሹ ላይ እንዲወድቅ ወሰነ። በማሸጊያዎቹ ዝቅተኛውን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው የፊሊፒንስና የአላስካ ተወላጆች፣ ባለሙያዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ነጮች ነበሩ፤ የሚያድሩትና የሚመገቡትም ተለያይተው ነበር። ኮንግረስ በ1991 መልስ ሰጠ፤ የውጤት ክስን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕጉ ጽሑፍ ውስጥ አስገባ፣ ሸክሙንም ወደ አሠሪው መለሰ። ሆን ብሎ ባዳላ አሠሪ ላይም የሞራል ካሳና የቅጣት ክፍያ ተፈቀደ። የካሳው ጣሪያ ግን በድርጅቱ ትልቅነት ከ50 ሺህ እስከ 300 ሺህ ዶላር ተወሰነ፤ ያ ጣሪያ እስከ ዛሬ አንድ ዶላር አልጨመረም። በ1991 የነበረው 300 ሺህ ዶላር ዛሬ ምን ያህል እንደሚገዛ ማንም ያውቃል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ውሳኔዎች ሌላ አቅጣጫ ጠቆሙ። በ2009 የኒው ሄቨን ከተማ ጥቁሮች በብዛት ያላለፉበትን የእሳት አደጋ መኮንኖች የዕድገት ፈተና በመሰረዟ፣ ፈተናውን ያለፉት በአብዛኛው ነጭ የሆኑ ሠራተኞች ከሰው ረቱ። ዳኛ ስካሊያ በዚያ ፍርድ የውጤት ክስ አሠሪዎች በዘር እንዲቆጥሩ ያስገድዳል የሚል ክርክር አነሱ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ክስ የሚፈራ አሠሪ መመዘኛውን ከማሻሻል ይልቅ ቁጥሩን ማስተካከል ሊቀለው ይችላል። ይሁን እንጂ ሕጉ የጠየቀው ቁጥር እንዲስተካከል አይደለም፤ መመዘኛው ለሥራው እንዲያስፈልግ ነው። በ2011 ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ያህል የዎልማርት ሴት ሠራተኞች በጋራ ሊከሱ ያቀረቡት ጥያቄ ተከለከለ፤ ደመወዝና ዕድገት የሚወስነው በየመደብሩ ያለ ሥራ አስኪያጅ ስለሆነ የጋራ አሠራር የለም ተባለ። ትልቅ ኩባንያ ውሳኔውን ለሺህ አለቆች በበተነው መጠን ተጠያቂነቱ ይቀንሳል ማለት ነው።

አድልዎ ዛሬ የት አለ?

ይህን ለመለካት ተመራማሪዎች የሐሰት ማመልከቻ ይልካሉ። በ2004 ማሪያን በርትራንድና ሴንድሂል ሙላይናታን ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ማመልከቻዎችን በቦስተንና በቺካጎ በትነው፣ የነጭ የሚመስል ስም ያለው 50 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው ጥሪ እንደሚያገኝ አሳዩ። ዴቫ ፔጀር በሚልዋኪ ሰዎችን በአካል ልከው በ2003 ባሳተሙት ጥናት የወንጀል መዝገብ ያለበት ነጭ 17 በመቶ ጥሪ ሲያገኝ መዝገብ የሌለበት ጥቁር 14 በመቶ ብቻ አገኘ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፓትሪክ ክላይን፣ የኢቫን ሮዝና የክሪስቶፈር ዋልተርስ ጥናት ነው። 83 ሺህ ያህል ማመልከቻዎችን ወደ 108 ትላልቅ ኩባንያዎች ላኩ። የጥቁር ስም የመጠራትን ዕድል በአማካይ በ2.1 የመቶኛ ነጥብ ይቀንሳል። አማካዩ ግን ብዙ ይሸፍናል፤ ከጠፋው ጥሪ ግማሽ ያህሉ የመጣው ከኩባንያዎቹ አንድ አምስተኛ ከሚሆኑት ነው። ቅጥራቸውን በማዕከል የሚያካሂዱና የፌዴራል ኮንትራት ያላቸው ኩባንያዎች አድልዎአቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ዝምድና እንጂ ምክንያትነቱ የተረጋገጠ አይደለም። ቢሆንም የሰዎች ልብ በሁሉም ኩባንያ ተመሳሳይ እንደሆነ ብንገምት እንኳ፣ የቅጥር አሠራሩ ልዩነት እንደሚያመጣ ይጠቁማል።

ሐበሻው የት ይቆማል?

በአሜሪካ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ከዚህ ትግል ውጭ አይደለም። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በትውልድ አገር የተመሠረተውን ኮታ ያስወገደው በዚያው የመብት ማዕበል ነው። ከዚያ በ1980ው የስደተኞች ሕግና በዲቪ ሎተሪ የመጣው ወገናችን በሥራ ቦታ የሚጠብቀው ጥበቃ ሌሎች የታገሉለት ነው። ጥበቃው ግን ቀዳዳዎች አሉት፤ ብዙዎቹም ወገናችን በሚሠራባቸው ዘርፎች ላይ ያርፋሉ።

አንደኛው ቀዳዳ የድርጅት መጠን ነው። ከ15 ሠራተኛ በታች ያለው ምግብ ቤት፣ ነዳጅ ማደያ ወይም የቤት ሠራተኛ የሚቀጥር ቤተሰብ ከሰባተኛው ርዕስ ውጭ ነው። ሁለተኛው የቅጥር ዓይነት ነው። ሕጉ የሚጠብቀው ሠራተኛን ነው፤ በ1099 የግብር ቅጽ የሚከፈለው ታክሲ፣ ኡበር ወይም ጭነት መኪና ነጂ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ኮንትራክተር ይቆጠራል። ለእነዚህ መውጫ የሚሆነው የ1866ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ከባርነት ማክተም ማግሥት የወጣው ይህ ሕግ በውል ላይ በዘር ማዳላትን ይከለክላል፤ የሠራተኛ ቁጥር ገደብ የለውም፣ ኮንትራክተርንም ሊያካትት ይችላል፣ ለአብዛኛው የሥራ ክስ አራት ዓመት ጊዜ ይሰጣል። የሚሠራው ግን ለዘር አድልዎ ብቻ ነው፣ ሐሳብን ማስረዳትም ይጠይቃል። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲም የራሷ የሰብዓዊ መብት ሕግ ከ1977 ጀምሮ አላት፤ ከፌዴራሉ ይልቅ ሰፊ ነው።

ሦስተኛው ቀዳዳ ዜግነት ነው። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ዜጋ ብቻ እቀጥራለሁ» ማለት በትውልድ አገር ማዳላት አይደለም ብሎ ነበር። በ1986 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ይህን በከፊል ዘጋው፤ አራትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ጥገኝነት የተሰጠውን ሰው ወይም ግሪን ካርድ ያለውን በዜግነቱ ምክንያት መከልከል አይችልም፤ ሰው ያቀረበውን ሕጋዊ ወረቀት ትቶም «ግሪን ካርድህን ብቻ አሳየኝ» ማለት አይፈቀድለትም።

የአነጋገር ዘዬ ነገር ደግሞ ገና ያልጠራ ነው። በሃዋይ አንድ የፊሊፒንስ ተወላጅ ለመንግሥት ጸሐፊነት የጽሑፍ ፈተና ከ721 ተፈታኞች አንደኛ ወጣ፤ በአክሰንቱ ምክንያት ሳይቀጠር ቀረ፤ በ1989 በይግባኝ ፍርድ ቤትም ተሸነፈ። መርሁ አክሰንት ምክንያት የሚሆነው ሥራውን በእርግጥ ሲያሰናክል ብቻ ነው ይላል፤ ማሰናከሉን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ ያው አድማጩ ነው።

በሃይማኖት በኩል ሁኔታው ተሻሽሏል። በ2015 በሂጃቧ ምክንያት የልብስ መደብር ያልቀጠራት የቱልሳ ወጣት ጉዳይ በ8 ለ1 ድምፅ ተፈረደላት፤ አሠሪው እምነቷን በእርግጠኝነት ማወቁ አያስፈልግም፣ ማስተናገድን ለመሸሽ ብሎ አለመቅጠሩ በቂ ነው ተባለ። በ2023 እሑድ አልሠራም ባለ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ ደግሞ አሠሪው ማስተናገድን እምቢ ማለት የሚችለው ከፍተኛ ጫና ሲደርስበት ብቻ እንደሆነ ተወሰነ። ለጁምዓ ሶላት፣ ለሰንበት ወይም ለጥምቀት ፈረቃ እንዲቀየርለት ለሚጠይቅ ሁሉ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ብዙዎች መብታቸውን የሚያጡት ግን ሕጉ ስለከዳቸው ሳይሆን ቀኑ ስላለፈባቸው ነው። ለኮሚሽኑ የሚቀርብ አቤቱታ በ180 ቀን፣ የራሳቸው መሥሪያ ቤት ባላቸው ክፍለ ግዛቶች በ300 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የመሥሪያ ቤቱን የውስጥ አቤቱታ መልስ መጠበቅ ይህን ጊዜ አያስቆምም። ሥራ ሲጀምሩ የሚፈረመው ወረቀትም ክርክሩን ከፍርድ ቤት ወደ ግል ሽምግልና የሚወስድ አንቀጽ ሊኖረው ይችላል፤ በ2022 ከዚህ ነፃ የወጣው የጾታ ጥቃትና ትንኮሳ ጉዳይ ብቻ ነው። አቤት ያለ ሰው ደግሞ በቀልን ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። በ2023 ለኮሚሽኑ ከቀረቡት ከ80 ሺህ በላይ አቤቱታዎች ከግማሽ የሚበልጡት የበቀል እርምጃን የሚጠቅሱ ነበሩ። በቀሉ ግን ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ዋናው ክስ ሳይረጋገጥ እንኳ ሊያስቀጣ ይችላል።

የሚዛኑ አዘነባበል

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ውሳኔዎች ባንድ መስመር የሚሰለፉ አይደሉም። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ፈቃዱ በአድልዎ የተዛወረ ሠራተኛ ደመወዙ ባይቀንስም ሊከስ ይችላል አለ። በጁን 2025 ከብዙኃኑ ወገን የሆነ ከሳሽ ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠየቅ አይገባም ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ፍርዱን የጻፉት የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ጥቁር ሴት ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ናቸው። ሁለቱም ፍርዶች ለግለሰብ ከሳሽ በሩን ያሰፋሉ።

የመንግሥት እጅ ግን ከአሠራር ምርመራ እየወጣ ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ለስድሳ ዓመት የቆየውን ትዕዛዝ 11246 ሻሩ። በኤፕሪል 2025 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በውጤት አድልዎ ላይ የሚያደርጉትን ክትትል ዝቅ እንዲያደርጉ አዘዙ። የ1991ዱ ሕግ ጽሑፍ በኮንግረስ እስካልተሻረ ድረስ አለ፤ ግለሰቦችም ሊከሱበት ይችላሉ። ሆኖም እንዲህ ያለ ክስ የቅጥር መዝገብ፣ የስታትስቲክስ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ከሥራ የተመለሰ አንድ አመልካች ይህን ከየት ያመጣል?

ጊዜው ደግሞ አመቺ አይደለም። ዛሬ ማመልከቻን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያነበው ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌር ልብ የለውም፤ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም ብሎ ማስረዳትም አያስቸግርም። ሊመረመር የሚችለው ውጤቱ ብቻ ነው። በሜይ 2025 በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ወርክዴይ በተባለው የቅጥር ሶፍትዌር ኩባንያ ላይ 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው አመልካቾች የጋራ ክስ እንዲቀጥል ፈቅዷል፤ ክሱ የቆመውም በዚያው በውጤት መርህ ላይ ነው። መሣሪያው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት የፌዴራል መንግሥት መሣሪያውን እያስቀመጠ ነው።

ከስድሳ ዓመቱ ልምድ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕጉ ፍሬ ያፈራው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነበር፦ ቁጥር ሲሰበሰብ፣ ቁጥሩን ይዞ የሚጠይቅ ኃይል ሲኖር፣ ማስረዳቱም መዝገቡ በእጁ ባለው ወገን ላይ ሲወድቅ። ሦስተኛው በ1991ዱ ሕግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ የመጀመሪያውም ዛሬ አለ። 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የሠራተኞቹን ዘርና ጾታ በየሥራ ደረጃው ለኮሚሽኑ ያሳውቃል። ሁለተኛው ከዋሽንግተን ወደ ክፍለ ግዛቶች፣ ወደ ሠራተኛ ማኅበራትና ወደ ግል ጠበቆች እየተሸጋገረ ነው፤ በእነዚህ ቦታዎች አቅም የሌለው ማኅበረሰብ ጥበቃው ስም ብቻ ይሆንበታል። በሐበሻ ቤተ ክርስቲያኖች፣ መስጊዶችና የመረዳጃ ማኅበራት የግብርና የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት የተለመደ ነው፤ የሥራ መብት ምክርም ከጎኑ ሊቀመጥ ይገባዋል። 180 ቀን ብዙ አይደለም፤ የሚቆጠረውም ሰው ሕግ መኖሩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ሳይሆን በደሉ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው።